ድህነትና ሽብርተኝነት፦ ገዳዩ ማን ነው? ሟቹስ?



ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ ብዙ ተብሎለትም እስካሁን ያልጠራ ጉዳይ ነው። «ሽብርተኝነትን የወለደው ድህነት ነው፤ ሀብታምና ድሃ እንዲህ እንደ ሰማይና ምድር እስከተራራቁ ድረስ ዓለም ሰላም አታገኝም» የሚሉ አሉ። «የለም፣ ሁለቱን ምንም አያገናኛቸውም» ብለው የሚከራከሩም አሉ። እኔ የኢኮኖሚክስ ምሁር አይደለሁም፤ እንጀራዬ ታክሲ መንዳት ነው። ይሁን እንጂ የሕይወት አጋጣሚ ሆነና ዓለምን ካናወጡት ጥቃቶች ሁለቱ ሲደርሱ በአካባቢው ነበርኩ፤ በአንደኛው ናይሮቢ ላይ በስደተኝነት፣ በሁለተኛው ቨርጂኒያ ውስጥ በታክሲ ነጂነት። ስለዚህ ያየሁትን ከዚያ ወዲህ ካነበብኩት ጋር እያገናዘብኩ የደረስኩበትን ለውይይት ላቅርብ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦገስት 7 ቀን 1998 ዓርብ ነበር። ናይሮቢ፣ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር፣ አራት ኢትዮጵያውያን አንዲት ክፍል ተከራይተን የሦስተኛ አገር ጉዳያችንን እንጠባበቅ ነበር። ረፋዱ ላይ መስኮቱን ያንቀጠቀጠ ድምፅ ሰማን። መጀመሪያ የነዳጅ ማደያ የፈነዳ መስሎን ነበር። ቆይቶ ግን በመሃል ከተማ፣ በሞይ ጎዳናና በንጉሣችን ስም በተሰየመው በኃይለ ሥላሴ ጎዳና መገናኛ ላይ የነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ በመኪና ላይ በተጫነ ቦምብ መመታቱን ሰማን። በዚያው ረፋድ ዳሬሰላም የሚገኘውም ኤምባሲ ተመታ። በሁለቱ ከተሞች 224 ሰዎች ሲሞቱ ከእነዚህ መካከል አሜሪካውያን 12 ብቻ ነበሩ። የቆሰለው ከ4,000 በላይ ነው። ከኤምባሲው አጠገብ የነበረው ኡፉንዲ የተባለ ፎቅ እንዳለ ተደረመሰ፤ በውስጡ የጸሐፊነት ሙያ የሚማሩ ልጆች ነበሩበት። ከዋናው ፍንዳታ ቀደም ብሎ ሌላ አነስ ያለ ፍንዳታ ሰምተው «ምን ተፈጠረ?» ብለው ወደ መስኮት የተጠጉ ብዙ ሰዎች ደግሞ መስታወት ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ታወሩ።

ከግቢያችን በር ላይ በጀሪካን ውሃ የምትሸጥ አንዲት ኬንያዊት እናት ነበረች። ሁላችንም «ማማ» እንላት ነበር። ልጇ እንደ እሷ ውሃ ስትሸከም እንዳትኖር ብላ፣ ሽልንግ በሽልንግ አጠራቅማ፣ በዚያ ፎቅ ውስጥ ታይፕ ታስተምራት ነበር። ልጅቷ ከፍርስራሹ የወጣችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ በሕይወት አልነበረችም። በአገራችን ደንብ ለቅሶ ደረስን። ማማ አላለቀሰችም። «ልጄ በአሜሪካና በዐረቦቹ ጠብ ውስጥ ምን አላት?» ብላ ብቻ ጠየቀችን። አራት ወንዶች ቁጭ ብለን፣ አንዳችንም መልስ አልነበረንም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ማክሰኞ ጧት፣ አርሊንግተን ውስጥ ተሳፋሪ ይዤ ስነዳ ከፔንታጎን በኩል የሚወጣውን ጥቁር ጭስ በዓይኔ አየሁ። በዚያን ቀን በኒውዮርክ፣ በፔንታጎንና በፔንሲልቬንያ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝና ነገርኩት። ጥቂት አሰብ አድርጎ «የምትጠሉን ድሆች ስለሆናችሁ ነው?» አለኝ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ ነው። «ጌታዬ፣ እኔን ያሳደገኝ ድህነት ነው፤ ሰው መግደል ግን አላስተማረኝም» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። እኔ ግን የማማንና የሽማግሌውን ጥያቄ አንድ ላይ ይዤ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ።

ገዳዮቹ እነማን ነበሩ?

እስቲ አንድ በአንድ እንይ። ኦሳማ ቢን ላደን በሳዑዲ ዐረቢያ በሕንፃና በመንገድ ሥራ የከበረ ሰው ልጅ ነበር። ምክትሉ የነበረው አይመን አልዛዋሂሪ ከታወቀ የካይሮ ቤተሰብ የተወለደ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ሴፕቴምበር 11 አውሮፕላኖቹን ከጠለፉት 19 ሰዎች 15ቱ ከሀብታሟ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ሁለቱ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ አንዱ ከግብፅ፣ አንዱ ከሊባኖስ ነበሩ። አለቃቸው ሞሐመድ አታ ካይሮ ላይ አርክቴክቸር፣ ጀርመን አገር ሃምቡርግ ላይ ደግሞ የከተማ ፕላን የተማረ ሰው ነው። በ2009 የፈረንጆች ገና ዕለት ከአምስተርዳም ወደ ዲትሮይት ሲበር በነበረ አውሮፕላን ላይ፣ በውስጥ ልብሱ ደብቆ የያዘውን ፈንጂ ሊያፈነዳ የሞከረው ናይጄሪያዊ ወጣት አባቱ የናጠጠ የባንክ ሰው ሲሆን፣ ለንደን ላይ መሐንዲስነት ተምሯል። በ2019 የፋሲካ ዕለት ስሪላንካ ውስጥ ከ250 በላይ ሰው ከጨረሱት አጥፍቶ ጠፊዎች መካከል ሁለቱ የአንድ ሀብታም የቅመማ ቅመም ነጋዴ ልጆች ነበሩ።

ነገሩን በቁጥር የመረመሩ ምሁራንም የደረሱበት ከዚህ ብዙ አይርቅም። አላን ክሩገርና ዪትካ ማሌችኮቫ የተባሉ ሁለት ምሁራን በ2003 ባወጡት ጥናት፣ በሽብር ተግባር የተሰማሩ ሰዎች ከየሕዝባቸው ጋር ሲነጻጸሩ የባሱ ድሆችም የባሱ ያልተማሩም እንዳልሆኑ አሳይተዋል። አልቤርቶ አባዲ የተባለው ሌላ ምሁር ደግሞ በ2006 የአገሮችን ሁኔታ ሲያወዳድር፣ የፖለቲካ ነፃነትና ሌሎች ምክንያቶች ከግምት ከገቡ በኋላ ድሃ አገር መሆን ብቻውን ሽብርን እንደማያበዛ፣ ይበልጥ የሚጋለጡትም ሙሉ ነፃነት ያላቸው ወይም ፈጽሞ የታፈኑት ሳይሆኑ በመሃል ያሉት እንደሆኑ ጽፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። አገር አቋርጦ ለሚፈጸም ሽብር ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ገንዘብና የውጭ ቋንቋ ያስፈልጋል። ድሃ ደግሞ ለሥራም ቢሆን ቪዛ እንደማይሰጠው እኛ እናውቃለን። ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ ተግባር የተማረውና ያለው ሰው መመረጡ፣ በድሃው ዘንድ ቁጣ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ ለሽማግሌው ተሳፋሪዬ የሰጠሁት መልስ አልተሳሳተም። ድህነት በራሱ ገዳይ አያደርግም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮማ ከእኛ አገር ገጠር የሚነሳው እሳት ዓለምን አቃጥሎ በጨረሰ ነበር።

ታዲያ የሀብት ልዩነቱ የሚገባው የት ላይ ነው?

«እንግዲያው ሁለቱ አይገናኙም» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። የ2022 የዓለም የሀብት ልዩነት ሪፖርት እንደሚያሳየው ከዓለም ሕዝብ ሀብታሙ አንድ አሥረኛ 76 በመቶውን ሀብት ሲይዝ፣ ድሃው ግማሽ የያዘው 2 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ቦምብ አያጠምድም። ሆኖም ቦምብ አጥማጁ የሚገባባቸውን በሮች ይከፍታል።

አንደኛው በር ደመወዝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ሶማሊያን፣ ሱዳንን፣ ናይጄሪያንና ማሊን ጨምሮ በስምንት የአፍሪካ አገሮች ወደ 2,200 የሚጠጉ ሰዎችን አነጋግሮ በ2023 ሪፖርት አውጥቷል። በፈቃዳቸው ወደ ታጣቂ ቡድኖች ከገቡት ውስጥ አንድ አራተኛው በዋና ምክንያትነት የጠቀሱት ሥራ ማጣትን ነው። ሃይማኖትን ዋና ምክንያት ያደረጉት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። እንግዲህ አውሮፕላን የሚጠልፈው የሀብታም ልጅ ሲሆን፣ በየጫካውና በየበረሃው ለእንጀራ ብሎ ጠመንጃ የሚሸከመው ግን የድሃ ልጅ ነው ማለት ነው። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እንደተባለው ነው።

ሁለተኛው በር ግፍ ነው። በዚሁ ሪፖርት ለመግባት የገፋፋቸው አንድ የተለየ ክስተት እንደነበረ ከተናገሩት ውስጥ 71 በመቶዎቹ የጠቀሱት የሰብዓዊ መብት ረገጣን ነው፤ ብዙውን ጊዜም ረጋጩ የመንግሥት ጸጥታ ኃይል ነበር። ወንድም ተገድሎበት፣ አባት ታስሮበት የሸፈተ ማለት ነው። ጄምስ ፒያዛ የተባለው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁርም በ2011 ባወጣው ጥናት፣ የአገር ውስጥ ሽብርን ይበልጥ የሚያበዛው አገሩ ድሃ መሆኑ ሳይሆን፣ በአገሩ ውስጥ አንድ አናሳ ወገን ተነጥሎ ከኢኮኖሚው ሲገለል እንደሆነ አሳይቷል። ሁሉም እኩል ሲራብ ሰው ወደ ፈጣሪው ያለቅሳል። ጎረቤቱ በግፍ ሲጠግብ ግን ወደ ሰው ያያል።

ሦስተኛው በር ደግሞ ውክልና ነው። ሀብታሙ ቢን ላደን በድሃው ስም ሲናገር የሚሰማው ሰው ያገኘው፣ ድሃው በራሱ ስም የሚናገርበት መድረክ ስለሌለው ነው። አፉ የተለጎመ ሕዝብ ጠበቃ አይመርጥም፤ የመጣው ሁሉ «ጠበቃህ ነኝ» ይለዋል።

ሟቹስ?

በእኔ አስተያየት የሀብት ልዩነት ከሁሉ በላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከገዳዩ በኩል ሳይሆን ከሟቹ በኩል ነው። በኦክቶበር 2017 ሞቃዲሾ ውስጥ ዞቤ በተባለው መስቀለኛ መንገድ በፈነዳ የጭነት መኪና ወደ 600 የሚጠጋ ሰው አልቋል። የሟቾቹን ብዛት ከሴፕቴምበር 11 ጋር ባናስተካክለውም፣ ስንቶቻችን ነን ቀኑን የምናስታውሰው? የዓለም የሽብርተኝነት መለኪያ የተባለው ዓመታዊ ዘገባ እንደሚለው በ2024 በሽብር ከሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሞተው በሳህል አካባቢ ነው፤ ከዓለም ድሃ አገሮች ተርታ በሚሰለፉት በቡርኪና ፋሶ፣ በማሊና በኒጀር።

የራሳችንንስ ማን ይረሳል? በኤፕሪል 2015 አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን አርዶና ረሽኖ በቪዲዮ ለቀቀው። ከእነርሱ መካከል ከአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የወጡ ልጆች ነበሩ። የተገደሉት በእምነታቸው ነው። እዚያ በረሃ ያደረሳቸው ግን ድህነትና ተስፋ ማጣት ነው። ሁለት ወር ቀደም ብሎ በዚያው አገር የተሠዉት 20 ግብፃውያንና አንድ ጋናዊም ለቀን ሥራ የሄዱ ድሆች ነበሩ። አዲስ አበባ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ፤ መስቀል አደባባይ የተጠራው ሰልፍ ግን በአስለቃሽ ጭስ ተበተነ። እኛም ዋሽንግተን ላይ ሻማ አብርተን አለቀስን። አሜሪካ የሚኖረው ስደተኛ በሊቢያ ለሞተው ስደተኛ ሲያለቅስ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዕድል ጉዳይ ብቻ መሆኑን ያውቀዋልና ለቅሶው ይመራል።

የሟች ዋጋም እኩል አይደለም። ከሴፕቴምበር 11 በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ባቋቋመው የካሳ ፈንድ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ተከፍሏል። ሕጉ ካሳው በሟቹ ገቢ እንዲሰላ ስለሚያዝ ለአንዱ ሟች ቤተሰብ 250 ሺህ ዶላር፣ ለሌላው ከ7 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። በዚያው ሕንፃ፣ በዚያው ጧት፣ የአክሲዮን ነጋዴውና ሳህን አጣቢው በአንድ እሳት ተቃጥለው በተለያየ ዋጋ ተተመኑ። ፈንዱን ያስተዳደሩት ኬኔት ፋይንበርግ ራሳቸው በኋላ ለሁሉም እኩል መከፈል ነበረበት ብለዋል።

ናይሮቢስ? ቢን ላደንን አስጠልላ የነበረችው ሱዳን ከአሜሪካ የሽብር መዝገብ ለመፋቅ በ2020 335 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። በወቅቱ በወጡት ዘገባዎች መሠረት ክፍፍሉ ለሞተ አሜሪካዊ የኤምባሲ ሠራተኛ 10 ሚሊዮን፣ በዚያው ኤምባሲ ሲሠራ ለሞተ ኬንያዊ ወይም ታንዛኒያዊ ደግሞ 800 ሺህ ዶላር ነበር። በመንገድ ሲያልፉ ወይም በጎረቤት ፎቅ ተቀምጠው የሞቱት ኬንያውያን፣ እንደ ማማ ልጅ ያሉት፣ በስምምነቱ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ገንዘቡን የከፈለውም ቢን ላደንን ያስጠለለው ኦማር አልበሽር አይደለም፤ በ2019 ታግሎ እሱን ያወረደው፣ ዳቦ ያጣው የሱዳን ሕዝብ ነው። በዚህ ሁሉ ሂሳብ ውስጥ ድሃው ሟችም ከፋይም ሆኖ እናገኘዋለን።

ጸረ ሽብር ዘመቻውም ቢሆን መጀመሪያ የነካው ድሃውን ነው። በኖቬምበር 2001 አሜሪካ አልበረካት የተባለውን የሶማሌዎች ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት አልቃይዳን ይረዳል ብላ ዘጋችው። መንግሥት ባልነበራት ሶማሊያ የብዙ እናቶች የወር አስቤዛ የሚመጣው በዚያ በኩል ነበር። የሴፕቴምበር 11 መርማሪ ኮሚሽን ባለሙያዎች በኋላ ሲያጣሩ ድርጅቱ አልቃይዳን ለመርዳቱ ማስረጃ አላገኙም። ለእናቱ መቶ ዶላር የላከ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ስሙ በማን እጅ ነው?

ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ ሌላ መልክ እናያለን። ከሴፕቴምበር 11 ወዲህ «ከሽብር ጋር እየተዋጋሁ ነው» ያለ ድሃ አገር መንግሥት ሁሉ ከሀብታሞቹ ዘንድ ጆሮና ገንዘብ አገኘ። አዲስ አበባም አገኘች። በ2001 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) አዋጅ ቁጥር 652 ወጣ። በዚህ አዋጅ የተያዙት ቦምብ አጥማጆች ብቻ አልነበሩም። በ2011 ርዕዮት ዓለሙና እስክንድር ነጋ፣ በ2014 ደግሞ የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በሽብርተኝነት ተከሰው ወኅኒ ወርደዋል፤ መሣሪያቸው ብዕር ነበር። ልብ በሉ፣ ከላይ በጠቀስኩት ጥናት ሰውን ወደ ጫካ የሚገፋው የመንግሥት ግፍ ነው ተብሏል። እንግዲህ በሽብር ስም የተሰጠ እርዳታ ግፍን ሲያጠናክር፣ እሳቱን በነዳጅ ማጥፋት ሆነ ማለት ነው።

«ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና» ይላሉ አባቶቻችን። ያ አዋጅ በ2020 በሌላ አዋጅ ተተካ፤ በሜይ 2021 ደግሞ የመጀመሪያውን አዋጅ ባወጣው መንግሥት ውስጥ ዋነኛ የነበረው ሕወሓት ራሱ በፓርላማ አሸባሪ ተብሎ ተሰየመ። በማርች 2023 ስሙ ተነሳለት። ከዚያ በፊት ግንቦት 7፣ ኦነግና ኦብነግ በ2011 ተሰይመው በ2018 ተፍቀዋል። ይህን የምለው የማንንም ደም ለማቅለል አይደለም። ስሙ የሚለጠፈውና የሚነሳው በተፈጸመው ወንጀል ሳይሆን በሥልጣን ሚዛን ከሆነ፣ በእውነት በሽብር የሞተው ሰው ፍትሕ ያጣል ለማለት ነው።

ምን ይሻላል?

የእኔ ድምዳሜ ይህ ነው። አንደኛ፣ እኛ ከድሃ አገር የመጣን ሰዎች «እርዱን፣ አለበለዚያ ሽብርተኛ እንሆናለን» የሚል ልመና በስማችን እንዲቀርብ መፍቀድ የለብንም። ፕሬዚዳንት ቡሽ በ2002 ሜክሲኮ ሞንቴሬይ ላይ ድህነትን የምንዋጋው ተስፋ ለሽብር መልስ ስለሆነ ነው ማለታቸው ለበጎ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ድህነትን መዋጋት የሚገባው ድሃው ስለሚያስፈራ ሳይሆን ሰው ስለሆነ ነው። በፍርሃት የተሰጠ እርዳታ ፍርሃቱ ሲያልፍ ይቆማል፤ ሳያልፍ ደግሞ ወደ ጠመንጃ ይለወጣል። ብራውን ዩኒቨርሲቲ በ2021 እንዳሰላው አሜሪካ ከሴፕቴምበር 11 ወዲህ ለተደረጉት ጦርነቶች የምትከፍለው 8 ትሪሊዮን ዶላር ይደርሳል። በዚያው ዓመት ካቡል ለታሊባን ተመለሰች።

ሁለተኛ፣ የምንኖርባቸውን አገሮች ሹማምንት በምንጠይቅበት ጊዜ «እርዳታ ጨምሩ» ወይም «እርዳታ ቁረጡ» ብቻ አንበል። ለጸጥታ የተሰጠው ገንዘብ ማንን ለማሰር ዋለ ብለን እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ሟች ሁሉ እኩል ይቆጠር። ለፓሪስና ለኒውዮርክ እንደምናበራው ሁሉ ለሞቃዲሾና ለቡርኪና ፋሶም ሻማ እናብራ፤ እኛ ካልጀመርን ሌላ ማንም አይጀምረውም።

ማማ ዛሬ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ብትኖር ግን ለጥያቄዋ አሁን የምሰጣት መልስ አለኝ፦ «ማማ፣ ልጅሽ በጠባቸው ውስጥ ምንም አልነበራትም። የገደሏት በድሃ ስም የሚምሉ፣ ድሃን ግን የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የካሳውን ሂሳብ የሠሩትም ስሟን አልጻፉትም።» መልሱ አያጽናናም። ግን እውነቱ እሱ ነው፤ እውነቱን ይዞ መጠየቅ ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው።

ቸር ይግጠመን።